ግሡ ከፊት ይመጣል

[ወልድያ፣ ከሰዓት በኋላ። ጡረተኛው ነጋዴ አቶ ሸሻይ ግቢያቸው ውስጥ ደብተርና ስልክ ይዘው ተቀምጠዋል። የመርሳው ገበሬ አበባው ነጠላውን አጣፍቶ ፊታቸው ቆሟል።]

ሸሻይ፦ ቁጭ ብትል ምን ትሆናለህ? ሽቅብ ሳይህ አንገቴ ታመመ።

አበባው፦ ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁ፣ ጋሽ ሸሻይ። ቆሜ ይሻለኛል።

ሸሻይ፦ የማዳበሪያ ወረፋ መሰለህ? ቁም እንግዲያ። መጀመሪያ ይህን የዌልስ ግሥ ልጨርስ።

አበባው፦ የምን?

ሸሻይ፦ ዌልስ። ከእንግሊዝ ጎን ያለች አገር ናት። ሲሪንቃ እርሻ ምርምር ማሽላ ሊያጠና የመጣው ፈረንጅ ከዚያ ነው። ልጄን ሓርነትን ሁለት ቀን ከመርሳ በመኪናው እዚህ በር ድረስ አምጥቷታል።

አበባው፦ ደግ ሰው ነው።

ሸሻይ፦ አንተ ደግነት በለው። ሽማግሌ ሊልክብኝ ነው። እኔም በገዛ ቋንቋው ልመልስለት ተሰናድቻለሁ። ይኸው፣ "ቦድ" ይባላል፤ መሆን፣ መኖር ማለት ነው። በጥንቱ ዘመን ሥሩ "መብቀል" ነበር።

አበባው፦ እንደ ማሽላው በሉኛ።

ሸሻይ፦ ላንተ ማስረዳት ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። ስማ፤ ግሡ ከፊት ይመጣል። እኛ መጨረሻ ላይ ደብቀን ሰው ስናንጠለጥል፣ እነሱ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ይገላገላሉ። "ማይ" ይላሉ፤ "አለ" ማለት ነው።

አበባው፦ በእናትዎ ቋንቋ በትግርኛ ማይ ውሃ አይደለም?

ሸሻይ፦ ያኛው ይጠጣል፣ ይሄኛው ይረባል። ደግሞ እንደኛ "አለኝ" አይሉም። "ልጅ አለችኝ" ለማለት "አለች ልጅ ከእኔ ጋር" ነው የሚሉት።

አበባው፦ ከእርስዎ ጋር ያለችው ነገ ከሌላ ጋር ብትሆንስ?

ሸሻይ፦ ግሡ ያው ነው፣ ሰውዬው ይለወጣል። ጥሩ ጠየቅህ፤ በስህተት ይሆናል።

አበባው፦ [ወደ በሩ እያየ] ጉዳዬ እኮ...

ሸሻይ፦ አሁንም ቆመሃል? እንደ ግንድ ተገትረህብኝ ሐሳቤ ተበተነ።

አበባው፦ እሺ ካላሉኝ አልቀመጥም።

ሸሻይ፦ እንደ አምናው የውሃ ሞተሬን ልትዋስ ነው?

አበባው፦ ከሞተሩ ይከብዳል።

ሸሻይ፦ አንተ ዘንድ ከሞተር የሚከብድ ምን አለ? ሓርነት ትሙት፣ የጠየቅኸውን ሁሉ እሺ ብያለሁ። ተቀመጥልኝና ግሤን ልጨርስ።

አበባው፦ [ወደ በሩ] ግቡ፣ ተቀመጡ ተብለናል።

[ነጠላ ያጣፉ ሁለት ሽማግሌዎች ገብተው ከአበባው ጎን ይቀመጣሉ።]

ሸሻይ፦ ለአንድ ሞተር ሦስት ተሸካሚ?

አበባው፦ ሽማግሌ ብቻውን አይላክም፣ ጋሽ ሸሻይ። የእህቴ ልጅ አዳነ፣ መርሳ ባጃጅ የሚነዳው፣ ሓርነትን ለትዳር ይፈልጋታል። እሷም ፈቅዳለች።

ሸሻይ፦ ፈረንጁስ?

አበባው፦ ወትሮ የሚያመላልሳት አዳነ ነው፤ ባጃጁ ሁለት ቀን ጋራዥ ገብታ ነበር። አዳነ ለምኖት ነው ፈረንጁ ያደረሳት።

ሸሻይ፦ ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ ተብሎ ያውቃል? ዘመድ ሳላማክር? ሦስት ጊዜ ሳላመላልሳችሁ?

አበባው፦ እኛም ለመመላለስ ቆርጠን ነበር የመጣን። ምን እናድርግ፣ ልመናችን ሳይወጣ እሺታዎ ቀደመ። በልጅዎ ስም ምለዋል፤ እነዚህ አባቶችም ከበር ሆነው ሰምተዋል።

[አቶ ሸሻይ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ያያሉ። ቀስ ብለው ደብተራቸውን ይዘጋሉ።]

አበባው፦ ኧረ አይዝጉት። ይኸው ተቀምጠናል፤ ግሡን ይጨርሱልን።