ኦቦ «አብረን እንየው»

ሕንፃው ሳያልቅ የተከፈተ ኮሌጅ አይተናል። ላቦራቶሪው ውሃ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ወንበር የሌለው ኮሌጅም አይተናል። ሰብሳቢ የሌለው ኮሌጅ ግን እስከ ዛሬ አልተከፈተም። ሰብሳቢ ሲባል ሹመት ያለው ሰው ማለት አይደለም። ይህ ሰው ሹመትም ቢሮም የለውም፤ ሦስት መምህራን ዛፍ ጥላ ሥር ቆመው ካየ ግን አጀንዳ ሳይፈልግላቸው አያልፍም።

የኬሚስትሪ መምህርቷ ሶረቲ በምታስተምርበት፣ አምቦ አካባቢ ባለው የመምህራን ኮሌጅ፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት ተሸክመው የሚኖሩት ክቡር ኦቦ ጀቤሳ ናቸው። ክቡርነታቸው የማስተማር ዘዴ ያስተምራሉ፤ ጡረታቸው በር ላይ ቆሟል። ከክንዳቸው የማይለይ የተጠቀለለ የኤሌክትሪክ ገመድ አላቸው፣ ምክንያቱም በዚህ ኮሌጅ ሰው ባለበት ሶኬት የለም፣ ሶኬት ባለበት ሰው የለም። ከኪሳቸው ደግሞ የገብስ ቆሎ አይጠፋም። ስብሰባ በጠሩ ቁጥር ለሁሉም በእፍኝ በእፍኝ ያድላሉ፤ ቆሎ የተቀበለ ሰው ቆርጥሞ እስኪጨርስ መቀመጡ ነው።

ንግግራቸው አንድ ናት፤ «አብረን እንየው።» የማተሚያው ቀለም አልቋል ሲባሉ፣ «አብረን እንየው»። የፈተና ውጤት ተሳስቷል ሲባሉ፣ «አብረን እንየው»። አንድ ጊዜ ሶረቲን ከክፍል አስጠርተው፣ አዲስ የገዙት ጫማ ይጠባል አይጠብም የሚለውን አብረው እንዲያዩት ጠይቀዋታል። እግሩ የእርሳቸው ነበር።

በኮሮና ጊዜ ኮሌጁ ሲዘጋ ክቡርነታቸው ቴሌግራም ተማሩ። ሶረቲ ያስተማራቸውን ሰው እስከ ዛሬ ትፈልገዋለች። ቡድን ከፍተው መልእክት ይጽፋሉ፤ ከዚያ፣ መልእክት መጻፋቸውን ለመንገር ለእያንዳንዱ አባል ይደውላሉ።

«ሶሬ፣ አካም ቡልቴ? ቴሌግራም ላይ ጽፌአለሁ፣ አይተሻል?»

«አይቻለሁ፣ ኦቦ ጀቤሳ።»

«ምን ይላል?»

«ነገ ስብሰባ አለ ይላል።»

«አዎ፣ ነገ ስብሰባ አለ» ይሉና፣ ሥራ እንደ ቀለለለት ሰው በረጅሙ ተንፍሰው ወደሚቀጥለው አባል ይደውላሉ።

ሶረቲ ደክሟታል። የደከማት ማስተማሩ አይደለም፤ የደከማት ሰሌዳ ላይ ጠርሙስ መሣል ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የኖራ ውሃን እንዴት እንደሚያነጣ፣ ተማሪ ዕቃውን ሊነካው ይቅርና ሳያየው፣ በጠመኔ እየሣለች ስታስተምር ዓመታት አልፈዋል። ካቺሲ ተመድባ የምታስተምረው የቀድሞ ተማሪዋ ለንሳ አንድ ቀን ደወለችላት።

«መምህር፣ ልጆቹ እውነት ይነጣል ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔም አይቼ አላውቅም። እርስዎ የሣሉልንን ጠርሙስ ሣልኩላቸው።»

ያን ቀን ሶረቲ ምሳዋ አልበላላትም። መሬት ሲወረስ ያየ ሰው ሞልቷል፤ የጠመኔ ጠርሙስ ሲወረስ ስታይ ግን መጀመሪያዋ ነበር።

ስለዚህ አንድ ለጋሽ ድርጅት፣ ቴክኖሎጂን ለማስተማሪያ ለሚጠቀሙ የኮሌጅ መምህራን ገንዘብ እሰጣለሁ ሲል ልቧ ተንጠለጠለ። ካሜራና ኮምፒውተር ከተገኘ፣ ሙከራዎቹን ሁሉ በአፋን ኦሮሞ ቀርጾ ኔትወርክ በሌለበት አገር እንኳ ከስልክ ወደ ስልክ እንዲሄዱ ማድረግ ይቻላል። ድርጅቱ አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነበረው፤ ገንዘቡ የሚሰጠው ከተለያየ ትምህርት ክፍል ተውጣጥተው በትብብር ለሚሠሩ ነው። ትብብር የሚለው ቃል ወደ ግቢው ሲገባ ክቡርነታቸው በር ላይ ቆመው ተቀበሉት።

ቡድኑ አራት ሆነ። ሶረቲ ሙከራውን ትሠራለች፤ የኮምፒውተር መምህሩ ሰዲቅ ይቀርጻል፤ የአፋን ኦሮሞ መምህሩ ተሬፋ በድምፁ ያብራራል። ክቡርነታቸው አብረው ያያሉ። ለፕሮጀክቱ ስም ማውጣት ብቻውን የአንድ ወር ስብሰባ በላ። ማመልከቻው መግቢያ ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይግባ አይግባ ተብሎ ሌላ ስብሰባ ተጠራ። ሰዲቅ፣ ለጋሾቹ ይህን አንበሳ በየማመልከቻው ታስሮ ማየት ሰልችቷቸዋል ብሎ ተከራከረ። አንበሳው ገባ።

«እኔና ሰዲቅ እስከዚያው አንዱን በስልክ ብንቀርጸውስ?» አለች ሶረቲ አንድ ቀን።

«ሁለታችሁ ብቻ?» አሉ ኦቦ ጀቤሳ፣ ስርቆት ሲዶለት እንደሰሙ ሁሉ ደንግጠው። «ሁላችንም ሳንኖርማ ምኑን ትብብር ሆነ? አብረን እንየው እንጂ።»

ሁሉም በተገኙበት ቀን መብራት የለም፤ መብራት በመጣበት ቀን አንዱ የተማሪዎችን የማስተማር ልምምድ ሊያይ ጎጆ ከተማ ሄዷል። እንዲህ እንዲህ ሲል አንድም ነገር ሳይቀረጽ ማመልከቻው ራሱ ማጣሪያውን አለፈ። የቀረው የድርጅቱ ሰዎች መጥተው ቡድኑ አብሮ ሲያስተምር ማየታቸው ብቻ ነበር። ሶረቲ አምቦ ውሃ ገዛች፣ ከጤና ጣቢያ የጉሉኮስ መስጫ ላስቲክ ቱቦ ለመነች፣ የኖራ ውሃዋን አጥልላ ጠርሙስ ውስጥ ከደነች። ጋዙ ከአምቦ ውሃው በላስቲኩ ወጥቶ የኖራውን ውሃ ሲያነጣው ሰው ሁሉ በዓይኑ ያያል። ከስንት ዓመት በኋላ ጠመኔ የማትይዝበት ቀን ነበር።

በዋዜማው የተሬፋ እናት ጉደር ላይ አረፉ።

ጠዋት የኮሌጁ ዲን ኦቦ ገቢሳ ሦስቱን ጠርተው፣ «የቀራችሁት አቅርቡ፣ ሌላ ምን ይደረጋል?» አሉ። በሶረቲም ልብ የነበረው ይኸው ነው። ኦቦ ጀቤሳ ገመዳቸውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ተሬፋ እናቱን እየቀበረ እኛ እዚህ ትብብር እናሳያለን?»

«ኦቦ ጀቤሳ፣ አሳይተን ከሰዓት ለቅሶ እንደርሳለን» አለች ሶረቲ። «ይህ ገንዘብ ካለፈን አለፈን ነው።»

«ቀብሩም ካለፈን አለፈን ነው፣ ሶሬ። ለሰዎቹ ደውያለሁ። ቀጠሮ አንለውጥም ብለዋል፤ ግን እነሱም እናት አላቸው። ሲደርሱ ይገባቸዋል።»

መቅረት ትችል ነበር። ቀርታ ግን ነገ ተሬፋን በምን ዓይኗ ታየዋለች? ዕቃዎቿን የያዘውን ቦርሳ እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ ጉደር የሚሄደው ታክሲ ውስጥ ገባች። ክቡርነታቸው ቆሎ ሲዘረጉላት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

የድርጅቱ ሰዎች መጡ፣ የተቆለፈ ክፍል አዩ፣ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ዲኑ ለሶረቲ ደወሉ።

«አልሆነም። በመምህራኑ መካከል ትብብር አልታየም ብለዋል።»

በዚያ ሰዓት አራቱም ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ተቀምጠው ነበር። ሶረቲ የሰማችውን ስትነግራቸው ሰዲቅ አንገቱን ደፋ። ኦቦ ጀቤሳ እጃቸውን ወደ ቆሎ ኪሳቸው ሰደው ባዶውን አወጡት። ቆሎ ሳያድሉ ስታያቸው ያን ቀን የመጀመሪያዋ ስለነበር፣ ንዴቷን የት ላድርገው እንዳለች ቀረች።

በማግስቱም ክቡርነታቸው ቡድኑን ሰብስበው ወደ ለቅሶው መለሱት። ተሬፋ ከሶረቲ እግር ሥር ያለውን ቦርሳ ተመለከተ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ትናንት ልናሳየው የነበረው ነው። ከታክሲ ታክሲ ይዤው ስዞር፣ ማውረዱንም ረሳሁት።»

ተሬፋ ትንሽ አሰበ። «እዚሁ ጓሮ እንሥራው» አለ። «ቁጭ ባልኩ ቁጥር እሷን ብቻ ነው የማየው። እሷም ብትሆን እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው አትወድም ነበር።»

ሶረቲ ነውር እንዳይሆን ፈራች። ኦቦ ጀቤሳ ግን ወደ ተሬፋ አጎት ሄደው፣ ቆሎም ሰጥተው፣ ነገሩን አስረድተው ፈቃድ ይዘው ተመለሱ። የሰዲቅ ስልክ ባትሪው አልቆ ነበርና ያ ለዘመናት ከክንዳቸው ያልወረደ ገመድ ከጎረቤት ቤት በአጥር ላይ ተስቦ መጣ። ሶረቲ የአምቦ ውሃውን ነቀነቀችው፤ ጋዙ በላስቲኩ ወጣ፤ የኖራው ውሃ ቀስ እያለ ነጣ። ተሬፋ በለቅሶ በሻከረ ድምፁ፣ «ኢላላ፣ አዲ ታኤ» አለ፤ ተመልከቱ፣ ነጣ። ከኋላ የለቀስተኛ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። በቪዲዮው ጥግ ላይም አንድ እጅ ገመድ ይዞ ይታያል።

ቪዲዮው ከስልክ ወደ ስልክ እያለ ካቺሲ ደረሰ። ለንሳ ደወለች።

«መምህር፣ ነጣ። ልጆቹ ደጋግመው አዩት። የሚናገረውን መምህር ጉንፋን ይዞት ነው ወይ ይላሉ።»

ሶረቲ፣ «ጉንፋን አይደለም» ብላ ጀመረች። አለቀሰች፣ ደስ ብሏት አለቀሰች።

ካሜራው አልመጣም፣ ኮምፒውተሩም አልመጣም። የቀሩት ሙከራዎች ዛሬም በጠመኔ ናቸው፤ ሶረቲም ድካሟ እንዳለ ነው። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ስልኳ ጮኸ።

«ሶሬ፣ አካም ቡልቴ? ሌላ ድርጅት ማስታወቂያ አውጥቷል፣ እንደዚያኛው ያለ። ቴሌግራም ላይ ጽፌአለሁ፣ አይተሻል?»

አይታዋለች። ከአልጋዋ ሳትወርድ ሁለቴ አንብባዋለች፤ ትብብር የሚለው ላይ ስትደርስም «ወይ ወገቤ» ብላለች። ከዚያ ደግሞ ክቡርነታቸው በዚህ ክረምት ጡረታ እንደሚወጡ ትዝ አላት። ከዚያ በኋላ የተጻፈውን አይተሻል ብሎ የሚደውልላት ሰው አይኖርም፤ ሁሉም ለየብቻው አንብቦ ለየብቻው ይረሳዋል።

ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አላየሁም፣ ኦቦ ጀቤሳ» አለች። «ምን ይላል?»