ጋሽ ቤዛብሕ ያጸደቁት የሳር ማጠጫ

አዲስ አበባ ውስጥ "ሲሄድስ?" ባይ የሌለበት ሰፈር የለም። ካለም ገና ሰፈር አልሆነም፤ ቤት ብቻ ነው የተሠራበት። ይህ ሰው ፍሪጅ ገዝተህ ስትገባ "መብራት ሲሄድስ?" ይልሃል። ሊፍት ያለው ፎቅ ስታሳየውም ያው ነው። ልጅህን ስትድር ሙሽራውን ከላይ እስከ ታች ያየውና "ሥራው ሲሄድስ?" ብሎ ድግሱን ያቀዘቅዘዋል።

የእኛ ሰፈሩ ክቡር ጋሽ ቤዛብሕ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ኢንሹራንስ ሠርተው ጡረታ ወጡ ይባላል። እኔ ግን ጡረታ የወጣው መሥሪያ ቤቱ ነው ባይ ነኝ፤ እሳቸው ሥራ ላይ ናቸው። ሐሜት እንዳይመስላችሁ። ሐሜትማ ሰውየው በሌለበት ነው፤ ጋሽ ቤዛብሕ ደግሞ የሌሉበት ቦታ የለም።

ባለቤቴ ሄርሜላ የመውለጃዋ ወር ሲገባ ጎንበስ ብላ የውሃ ጎማ መጎተት አቃታት። የግቢያችን ሳር የሷ ነው፤ በእጇ ተክላ ያሳደገችው። እኔን ሳሩም ያውቀኛል፣ አያምነኝም። ስለዚህ በስልክ የሚታዘዝ፣ ሰዓቱን ጠብቆ ራሱ የሚያጠጣ ዘመናዊ መቆጣጠሪያ ልገዛ ቆረጥኩ። ፍርሃቴ አንድ ነበር። ጉለሌ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ለሳሩም ለቤቱም ያለችን ያቺው ከፍ ብላ የተሰቀለች ሮቶ ናት። ማሽኑ ተሳስቶ ቢያራግፋት፣ ሄርሜላ ልጇን ታቅፋ የምትገባው ጠብታ ወደሌለበት ቤት ነው።

ይህን ለሄርሜላ በሹክሹክታ ነበር የነገርኳት። በማግስቱ ጋሽ ቤዛብሕ ኮት ለብሰው በራችን ላይ ቆመዋል።

"እንሂድ።"

"የት ጋሼ?"

"አዲሱ ገበያ ነዋ! ብቻህን ትሸወዳለህ።"

ባለ ሱቋ ሮሐ አንዲት የምታብረቀርቅ ሳጥን አወጣች። "ይሄ የአየር ትንበያ አይቶ ዝናብ ካለ ራሱ ማጠጣቱን ይተዋል፣ አባባ።"

"ትንበያውን ከየት ያመጣል?"

"ከኢንተርኔት።"

"ኢንተርኔቱ የየትን ሰማይ ነው የሚያየው? የቦሌን? ቦሌ ፀሐይ ሆኖ እዚህ እንጦጦ ሥር በረዶ ሲወርድብን አላየሽም?"

ሮሐ ሌላ አወጣች።

"ኔትወርክ ሲሄድስ?"

"በእጅ ይሠራል።"

"መብራት ሲሄድስ?"

"ይቆማል።"

"ማሽኑ ነው የሚቆመው ወይስ ውሃው?"

ሮሐ ወደኔ ዞረች። "አባትህ ናቸው?"

"ጎረቤቴ ናቸው።"

"በቃ፣ እግዜር ያጽናህ።"

እሳቸው ገና መሞቃቸው ነበር። ሳጥኑ ዝናብ ይችላል ወይ? ውሃውን ወደሚከፍተውና ወደሚዘጋው ቫልቭ የሚሄደው ሽቦ የግድግዳውን ኃይለኛ መብራት ነው የሚወስደው ወይስ ዝቅ ያለውን፣ ሰው የማይገድለውን? የይለፍ ቃሉስ ይቀየራል? "ቤት አለመኖራችንን ለሌባ የሚያወራ ዕቃ አንገዛም!" አሉ። አንገዛም ሲሉ ሒሳቡን አብረው የሚከፍሉ ነው የሚመስሉት።

እንዲህ ሱቅ ለሱቅ ስንዞር ጎረቤታችን ጃለታ ያቺኑ አብረቅራቂ ገዝቶ ተከላት። ከአጥር ማዶ ስልኩን በአውራ ጣቱ እየነካ ሳር እያጠጣ ያሾፍብኝ ጀመር።

"አንተ ሰውዬ፣ ሽማግሌውን ስትጠብቅ ሳርህ ድርቆሽ ሆነ እኮ! ላም ልግዛልህ?"

በመጨረሻ ጋሽ ቤዛብሕ አንዲት ግራጫ፣ የቆጣሪ ሳጥን የመሰለች መልከ ጥፉ አጸደቁ። መብራት ሲጠፋ ቫልቩን በስፕሪንግ ትዘጋለች። የሮቶዋ ውሃ ከግማሽ ሲወርድ ሳሩን "ተጠማ!" ብላ ትተወዋለች። ከተተከለች በኋላም ሳሩ እየጠጣ መብራቱን ራሳቸው አጠፉና ውሃው እስኪቆም ሳሩ መሐል ቆመው ጠበቁ። ኮታቸው በስብሶ "እስቲ እናያለን" አሉ። ከሳቸው አፍ ይህ ሜዳሊያ ነው።

ሄርሜላ ምጥ ያዛት። እኛ ሆስፒታል ስንሰነብት ቤቱ ባዶ ነበር። በዚያው ሰሞን በፈረቃ የሚመጣው ውሃ ሳይመጣ ቀረ። መብራቱም ጊዜ መርጦ፣ ልክ ሳር በሚጠጣበት ሰዓት ሄደ። ልጃችንን ይዘን ስንመለስ እኔ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ሮቶዋ ነው። በጡጫ መታኋት። ድፍን ያለ ድምፅ መለሰችልኝ። ውሃ አለ! እውነቱን ልናገር፣ ሮቶ አቅፌ አለቀስኩ።

የጃለታ ቫልቭ ግን መብራት ሲሄድበት እንደተከፈተ ደርቆ ቀርቷል። ግቢው ሐይቅ፣ ሮቶው ከበሮ። ጀሪካን አንጠልጥሎ መጣ።

"እንኳን ደስ አላችሁ! እ... ማለቴ... ትንሽ ውሃ..."

"ላሟን ይዘሃት ና፣ እሷንም እናጠጣታለን" አልኩት። ከዚያ እየሳቅን ቀዳሁለት።

ማምሻውን ጋሽ ቤዛብሕ አራስ ሊጠይቁ መጡ። "እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጄ" አሏት ሄርሜላን። ከዚያችው ሮቶ በመጣ ውሃ እጃቸውን ታጥበው ሕፃኑን ተቀበሉ። እኔ ጥያቄ ጠበቅኩ። ዓይናቸው ብቻ እርጥብ አለ። እኔ ደግሞ ከቀልድ ሌላ ያልለመደ አፌ ለምስጋና ተሳሰረብኝ። ሄርሜላ በክርኗ ጎሰመችኝ።

"ጋሼ፣ የክርስትና አባት ይሁኑልን" አልኳቸው።

ሕፃኑን ጠበቅ አድርገው አቀፉ።

"ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ነው የሚጠመቀው?"

"አዎ ጋሼ።"

"ጠዋት ያ ዳገት ውርጭ ነው። ልጁ ብርድ ቢመታውስ? ተጠምቆ እስከ ቤቱ የሚለብሰውስ? ቆይ፣ ሄጄ ካህናቱን በደንብ አነጋግራቸዋለሁ።"

የቁስቋም አባቶች ሆይ፣ ከወዲሁ ይቅር በሉን። እሳቸውን የላክንባችሁ ልጃችንን ለሌላ ሰው አምነን ስለማንሰጠው ነው።