ፀሐይ የጠፋች ዕለት፣ መስመር ሁለት

ተኳርፎ አብሮ መሥራትን የመሰለ አድካሚ ሥራ የለም። የማያናግሩትን ሰው በየማለዳው ማየት፣ አይቶም እንዳላዩ መሆን፣ ሳል ሲመጣ እንኳ የጠሩት እንዳይመስለው አፍኖ መያዝ፤ ለዚህ ሁሉ ድካም ደግሞ ደመወዝ የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ በአቃቂ ባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነበርኩና ሞኙም ወረቀቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው ነበር።

ያኮረፍኳቸው ሰው ጋሼ በየነ ናቸው። ሥራቸው ሐዲድ መቀየር ነው፤ ባቡር ሲመጣ የብረቱን እጀታ ስበው ወደ መስመር አንድ ወይም ወደ መስመር ሁለት ያስገቡታል። ጥፋታቸው ምን መሰላችሁ? እናቴ ስትሞት ቀብር አልመጡም። አቃቂ በሰቃ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ፣ የማያውቃት ሁሉ አልቅሶላት፣ እኅቴ እንኳ ከናዝሬት በባቡር መጥታ አፈር ሊመለስ ሲል ደርሳ፣ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ቀሩ! ማታ ለቅሶ ሊደርሱ ቢመጡ ፊቴን አዞርኩባቸው። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ሊያስታርቁን ሞክረዋል። እሳቸው «ሥራ ላይ ነበርኩ» ብቻ አሉ። እኔም ሥራ ነገም አለ፣ እናት ግን አንዴ ነው የምትቀበረው ብዬ ተነሣሁ። እንዲህ አራት ዓመት አለፈ።

ሥራውስ? አትሉኝም። ባቡር ኩርፊያ አያውቅማ! ስለዚህ መላ ዘየድኩ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ «አንድ» ወይም «ሁለት» ብዬ እጽፍና መስኮቱ ላይ አቆምላቸዋለሁ፤ እሳቸው ከእጀታቸው አጠገብ ሆነው አንብበው ባርኔጣቸውን ከፍ ያደርጋሉ። አራት ዓመት ሙሉ ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበረንም።

አንድ ሰሞን ፀሐይ በቀን ልትጨልም ነው የሚል ዜና በሬዲዮ ተነገረ። በጣቢያው ከእኔ በላይ የተማረ ስላልነበረ (ምስክሩም እኔው ነኝ) የማስረዳቱ ዕዳ እኔ ላይ ወደቀ። ሦስት ቀን ሙሉ የቆርቆሮ ክዳን ዓይኔ ፊት ደቅኜ፣ ትንሿ ጨረቃ ትልቋን ፀሐይ የምትጋርደው ለእኛ ስለምትቀርብ ነው እያልኩ ተሳፋሪውንም ተሸካሚውንም አስተማርኩ። ቆሎ ሻጯ እትዬ ዘነበች በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ፣ «ይሁን ልጄ፣ ከተመለሰች» አሉኝ። ሳቅሁባቸው።

ዕለቱ ደረሰ። በፋኖስ ጥቀርሻ ያጠቆርኩትን መስታወት ይዤ በረንዳው ላይ ቆምኩ። ስምንት ሰዓት አካባቢ ብርሃኑ ገረጣ፤ ብርድም መጣ። ወፎች ለማደር ባሕር ዛፉ ላይ ሰፈሩ። ከዱከም የተነሣው የዕቃ ባቡር እየደረሰ ነበር። መስመር አንድ ላይ ደግሞ እህል የሚራገፍባቸው ፉርጎዎች ቆመዋል፤ ተሸካሚዎቹም እዚያው ናቸው። እንደ ልማዴ «ሁለት» ብዬ ጽፌ ሰሌዳውን አቆምኩ። ባርኔጣው ከፍ ሳይል ጨለመ። እንደ ማታ ቀስ እያለ አይደለም፤ በር እንደ ተዘጋ ነው የጨለመው።

ተሸካሚዎቹ ሐዲዱ ላይ ተንበርክከው እግዚኦ ይሉ ጀመር። እኔስ? ያስተማርኩት ሁሉ ከዳኝ። አትመለስም ብዬ አመንኩ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። በዚህ መካከል የባቡሩ ጥሩምባ ተሰማ። ሰሌዳዬ ትዝ አለኝ። በዚያ ጨለማ ማን ያነበዋል? እጀታው እንዳለ ከቀረ ባቡሩ በቀጥታ መስመር አንድ ላይ፣ የተንበረከኩት ሰዎች ላይ ነው የሚገባው።

«ጋሼ በየነ! ሁለት! መስመር ሁለት!» እያልኩ ሮጥኩ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ።

ስደርስ ሐዲዱ ሲገጥም ሰማሁ። ጋሼ በየነ እንደ ሰው ሁሉ ከንፈራቸው ይጸልያል፤ ሁለት እጃቸው ግን እጀታው ላይ ነው። «ሰምቻለሁ ልጄ» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «አንተ ቀና በልና እይ፤ እኔ ሐዲዱን አያለሁ» አሉ።

ቀና አልኩ። ፀሐይ በነበረችበት ቦታ ጥቁር ክብ አለ፤ ዙሪያውን እንደ ሽበት የነጣ ብርሃን ከቦታል፤ አጠገቡ ኮከብ ወጥቷል። የሰማዩ ዳር በአራቱም ማዕዘን እንደ ንጋት ቀልቷል። ስለ ጨረቃ የማውቀው አንዱም ነገር አልረዳኝም። ቆሜ አለቀስኩ። ባቡሩ እያቃሰተ መስመር ሁለት ላይ ገብቶ ቆመ። ከዚያ ከክቡ ጠርዝ አንዲት የብርሃን ጠብታ ፈነጠቀችና ቀን ሆነ። ዶሮ ጮኸ፤ እትዬ ዘነበች እልልታቸውን አቀለጡት።

ጋሼ በየነ እጃቸውን ያነሡት ያኔ ነው። አንድ ጊዜም ወደ ላይ አላዩም። ለምጽአት ከቦታው ያልተነቃነቀ ሰው ለእናቴ ቀብር እንዴት ይነቃነቅ ነበር? እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ያዙኝ። ይቅር ይበሉኝ፣ ያን ዕለትም ሥራ ይዞዎት መሆኑን ዛሬ ገባኝ አልኳቸው።

ባርኔጣቸውን አውልቀው አቧራውን አራገፉ። «ያን ዕለት የናዝሬቱ ባቡር ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ነበር» አሉኝ። «እኔ ቀብር ብሄድ፣ እኅትህን ማን ያስገባልህ ነበር?»

ትንሿ ጨረቃ ትልቋን ፀሐይ እንዴት እንደምትጋርድ ለአቃቂ ሰው ሦስት ቀን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።