የአጥቂዋ ወንበር

እኛ ሰው ማክበር ስንፈልግ መጀመሪያ የምናደርገው ማስቀመጥ ነው። ልብ ብላችሁታል? እንግዳ ሲመጣ «ኧረ ቁጭ ይበሉ!» ነው። ሽማግሌ ሲመጣ የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ብሎ «እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ» ነው። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ውሎ ወገቡ ቢቆረጥስ? መቆም አምሮት ቢሆንስ? ማንም አይጠይቀውም። ክብር ያለው ሰው ይቀመጣል፣ አለቀ። ይህን ልማዳችንን ስወደው ኖሬያለሁ፣ አሁንም አልጠላሁትም። ግን ከጉኒላ ወዲህ ለሰው ወንበር ሲሳብ ባየሁ ቁጥር ሆዴን ቅር ይለዋል።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ሜልቦርን፣ ሰንሻይን ዌስት ውስጥ የፕላስቲክ ባልዲ የሚያመርት ፋብሪካ እሠራ ነበር። ሰፈሩን በፀሐይ ስም የጠራው ሰው በበጋ መጥቶ በበጋ የሄደ መሆን አለበት፤ አንድ ክረምት ቢከርም ኖሮ እንዲህ አይቀልድብንም ነበር። ከእኔ አጠገብ ቆማ የባልዲ እጀታ የምትገጥመው ጉኒላ የምትባል ረጅም ስዊድናዊት ነበረች። ባሏን ተከትላ አውስትራሊያ መጣች፤ ባሏ ደግሞ ሌላዋን ተከትሎ ሄደ። ቀኝ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች። ከማንም ጋር አታወራም።

እኔ ደግሞ ዝም ያለ ሰው ሳይ አላስችል ይለኛል። አንድ ቀን ብሬክ ላይ እግርሽን ምን ነካሽ አልኳት። ኳስ ነው አለችኝ። የሰፈር ልጆች ሲጫወቱ መትተዋት መስሎኝ፣ አይ የዛሬ ልጆች፣ ስድ ናቸው ብዬ አጽናናኋት። ለካስ ሴትዮዋ ለአገሯ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈች የመሀል አጥቂ ኖራለች! እኔን አፈር ይብላኝ!

ከዚያ በኋላ በየብሬኩ ቆንጠር እያደረገች አወራችኝ። ልጅ ሳለች በረዶው በመኪና የሚጠረገው ለወንዶቹ ሜዳ ብቻ ነበር፤ ሴቶቹ የራሳቸውን በአካፋ ጠርገው፣ ደክሟቸው ነው ጨዋታ የሚጀምሩት። ብሔራዊ ቡድን ከገባች በኋላም ፖስታ ታድል ነበር። ለሴት ኳስ ደመወዝ የሚከፍል ያኔ ከየት ይመጣል? እሁድ ጎል አግብታ ሕዝብ ያጨበጭብላታል፣ ሰኞ የዚያኑ ሕዝብ ደብዳቤ ተሸክማ ደረጃ ትወጣለች። በመጨረሻ ከአንዲት በረኛ ጋር ተጋጨችና ጉልበቷ ዞረ። በቃሬዛ ሲያወጧት ጫማዬን አታውልቁብኝ ብላ ነበር፣ ከዕረፍት በኋላ የምትመለስ መስሏት። ያ የመጨረሻ ጨዋታዋ ሆነ። በኋላ ክለቧ ስንብት አዘጋጀሁላት ብሎ በምርኩዝ አስመጣት፤ አበባ አስታቅፈው፣ ብርድ ልብስ ደርበውላት፣ ሜዳ ዳር ወንበር ላይ አስቀምጠው ሌሎቹ ተጫወቱ።

እኔ የምፈልገው በእግሬ ገብቼ በእግሬ መውጣት ነበር አለችኝ። አሁን ደግሞ ለጉልበቷ ኦፕሬሽን ቀጠሮ ይዘውላታል፤ ከዚያ በኋላ ሩጫ የሚባል ነገር እርሺው ብሏታል ሐኪሙ። እስከዚያው በፋሻ ጥፍር አድርጋ ካሰረችው ትንሽ ትንሽ ይሮጥላታል። ይህን ስትለኝ አንጀቴን በላችው።

እኔ ደግሞ የሰፈራችን የአበሻ ቡድን በረኛ ነኝ። በረኛ የሆንኩት መሮጥ ስለማልወድ ነው፤ ችሎታ ነው ብሎ የነገራችሁ ካለ ወዳጄ ነው ማለት ነው። ለእሁድ ከዳንደኖንግ ሰፈር አበሾች ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ነበረን፣ አጥቂያችን ግን ኦቨርታይም አግኝቶ አልመጣም ብሏል። ኦቨርታይም የሚሉት ነገር ከስንቱ ተከላካይ ይልቅ አጥቂ ያስቀራል! ጉኒላን ብናስገባትስ ብዬ ለቡድኑ ልጆች ነገርኳቸው፣ ደስ አላቸው። እሁድ ነይና በእሱ ቦታ ግቢ አልኳት። አንድ ደቂቃም ይበቃኛል አለች። ያን ቀን እጀታ ስትገጥም ስታፏጭ ሰማኋት።

ጥፋቱ የመጣው ለጋሼ ይመር ማንነቷ የተነገራቸው ጊዜ ነው። ጋሼ ይመር የቡድኑ መሥራችና ሊቀመንበር፣ የወሎ ሰው፣ እንግዳ ሲያዩ ዓይናቸው የሚበራ ደግ አባት ናቸው። ለአገሯ የተጫወተች የሚለውን ሲሰሙ ሌላውን አልሰሙም። እሁድ ሜዳ ስደርስ የሳሎናቸውን ቀይ ቬልቬት ወንበር መኪና ላይ ጭነው አምጥተው መስመሩ ዳር ተክለውታል። ጉኒላ ጉልበቷ ላይ ያሰረችውን ፋሻ በሱሪዋ ሸፍና፣ የተወለወለ አሮጌ ታኬታዋን በፌስታል አንጠልጥላ መጣች። ገና ሰላም ሳትል ወንበሩ ላይ ነበረች። ንፋሱ ያ የሜልቦርን ንፋስ ነበርና ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ጋቢ ደረቡላት። አንዷ ሴት ከግቢዋ የቆረጠችውን አበባ አስታቀፈቻት።

ጉኒላ ጋቢውን አየች፣ አበባውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

እየሮጥኩ ጋሼ ይመር ጋ ሄጄ፣ ኧረ ጋሼ፣ የመጣችው ልትጫወት ነው አልኳቸው። ጉድጓድ እናስቆፍራት ያልኩ ይመስል አፈጠጡብኝ። ያገር ጀግና ጋብዘን፣ እግሯን እያመማት፣ ጭቃ ለጭቃ እናንከራትታት? ሰው ምን ይለናል? አሉ። ራሷ ናት የፈለገችው ብላቸው፣ ሳቅ ብለው፣ አንተ ልጅ፣ ጨዋ ስለሆነች እኮ ነው እንዲህ የምትለው አሉኝ። እኛ ዘንድ ጠገብኩ ያለ እንግዳ ርቦታል፤ ልሂድ ያለ ሊያድር ፈልጓል። እንግዲያው ልሩጥ ያለችም መቀመጥ አምሯት ነው። ልጆቹን ዞር ብዬ ባይ ሁሉም ጫማውን ያስራል። ለጉኒላ፣ ትንሽ ቆይተሽ ትገቢያለሽ አልኳት። አንድ ሰው ጎድሎን ገባን።

በዕረፍት ሰዓት ታኬታዋን አድርጋ ክሩን ስታጠብቅ አየኋት። ብድግ ስትል ሁሉም በአንድ ድምፅ «አይነሱ! አይነሱ!» አሉ። እትዬ ዘሀራ ሳምቡሳ ይዘው ደረሱ። በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ። ሁለት እጇ ሞላ። አማርኛ አትችልም፤ የገባት ይህ ሁሉ ሰው ቁጭ በይ እያለ እንደሚጮህባት ብቻ ነው።

ሁለተኛው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ኳስ ከመስመር ወጣና እየተንከባለለ ሄዶ ሄዶ ወንበሩ እግር ሥር ቆመ። ጉኒላ አበባውን ጣለች፣ ጋቢውን ገፈፈች፣ ተነሣች። ቀኝ እግሯን ወደ ኋላ ስትስብ ከጎሌ ሆኜ አየሁ፤ እግሯ ምንም የሚያነክስ አይመስልም ነበር። አምላኬን፣ ብትመታው ጎል ብታገባብኝም አይከፋኝም ነበር! በዚህ መሀል ጋሼ ይመር፣ ሲራመዱ እንኳ የሚያርፉት ጋሼ ይመር፣ ሮጡ። ሮጠው፣ ጎንበስ ብለው ኳሱን ከእግሯ ሥር ነጠቁና ደረታቸው ላይ አቀፉት። «ኧረ አይገባም! እኛ እያለን!» አሉ። ሕዝቡ ለጋሼ ይመር አጨበጨበ። እሷ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እሷን ሳይ ሦስተኛው ጎል ገባብኝ።

ሲያበቃ ንግግር ተደረገ፤ የክብር እንግዳችን ደስታዎ ደስታችን ነው የሚለውን እኔው ነኝ ያስተረጎምኩት። አመሰገነች። ወደ ቤት ስሸኛት መኪና ውስጥ ታኬታዋን አውልቃ ሥሩን ገልብጣ አየችው። ጠብ የሚል ጭቃ የለበትም። የሰንሻይንን ባቡር ጣቢያ አለፍን። ከዚያ፣ ሁሉም ያከብረኛል፣ ኳስ የሚያቀብለኝ ነው የጠፋው አለች። ልማዳችን እኮ ነው ብዬ ላስረዳት ስል፣ ገብቶኛል፣ የእኔም አገር ሰዎች እንደናንተው ናቸው አለችኝ።

ኦፕሬሽኗን አደረገች። ሩጫ ቀረ። ፋብሪካውም አዘነላትና ከመስመሩ አንስቶ፣ ተቀምጣ ክዳን የምትቆጥርበት ቦታ ሰጣት። ማፏጨቷን ደግሜ አልሰማሁም።

የቡድናችን ስብሰባ ሲደረግ ጋሼ ይመር መጀመሪያ ያነሡት የስዊድኗን እንግዳ ጉዳይ ነበር። ያን ቀን ደስ ብሏት መዋሏን ከፊቷ አንብበዋል። አንድ ነገር ብቻ ከንክኗቸዋል፤ ወንበሩ ሳይመቻት አልቀረም፣ ሁለት ጊዜ ስትነሣ አይተዋል። ስለዚህ ለሚቀጥለው ጨዋታ የእጅ መደገፊያ ያለው፣ ሰፋ ያለ ወንበር እንዲገዛላት ሐሳብ አቀረቡ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሙሉ ድምፅ ስላችሁ፣ የእኔም እጅ አለበት።