የማይቀላው ሰፈር

እኛ ሰዎች ስለ ኑሯችን ስንጠየቅ የምንመልሰው አንድ ነገር ነው፤ ደህና ነን። ጣሪያው ቢያፈስም ደህና ነን፤ ጥርስ ሲነዝር ቢያድርም ደህና ነን። ጠያቂው ችክ ብሎ ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅ ነው «ያው ትንሽ ወገቤን ከማለት በቀር» የምንለው። ያን ጊዜ ሰውየው አልጋ ከያዘ ሁለተኛ ወሩ ሊሆን ይችላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ያወጣነውም እኛው ነን። ተረት ማውጣትና በተረት መኖር ለየብቻ ነው መሰለኝ።

ይህን የማነሳው እንጀራዬ ስለሆነ ነው። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀምጬ፣ በየሳምንቱ ስንት ሰው «ሥራዬን አጥቻለሁ፣ ድጎማ ይሰጠኝ» የሚል ክፍት ፋይል እንዳለው ሰፈር በሰፈር እቆጥራለሁ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ያ ሰፈር ካርታው ላይ ይቀላል፤ ሲወርድ ይገረጣል። ወዳጅ ዘመድ ግን ገንዘቡን የማድለው እኔ እመስለዋለሁ። ሰርግ ቤት ሳይቀር ጠጋ ብሎ «ለእኛም ሰፈር አንድ ነገር አድርግ እንጂ» የሚለኝ አለ። እኔ ዝናቡን የምለካ እንጂ የማዘንብ አይደለሁም ብል ማን ይሰማኛል።

በረዶው ሳይለቅ፣ ኒው አልባኒ ያለ አንድ ትልቅ መጋዘን ተዘጋ። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ የእኛ ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱም አብዛኞቹ እኔ የምኖርበት የብሌንደን ታውንሺፕ ጎረቤቶቼ። ስለዚህ ሰፈሬ እስኪቀላ ጠበቅሁ። በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ወጉ ቀላ። በሁለተኛው ደበዘዘ። በሦስተኛው ጭራሽ ነጣ። አለቃዬ ደግ ሴት ናት፤ ካርታውን አየችና «ጎረቤቶችህ ሥራ በማግኘት የሚያህላቸው የለም» አለችኝ። ኮራሁ። ኩራቴ ቤቴ ደጃፍ እስክደርስ አብሮኝ ነበር፤ እዚያ ጋሼ ሙሄን አገኘኋቸው።

ጋሼ ሙሄ የወሎ ሰው ናቸው፤ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ። በዚያ በተዘጋው መጋዘን አሥራ አንድ ዓመት የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ፎርክሊፍት፣ ነድተዋል። ያን ዕለት፣ ማክሰኞ ነበር፣ የራሳቸውን በረዶ ጠርገው፣ የማዶውን ጎረቤት ጠርገው፣ የእኔን ጀምረዋል። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። ጋሼ ሙሄ የሚሰፉት የሰው ቆብ ነው።

ሠንጠረዤ ላይ የሰው ስም ማየት አይፈቀድልኝም። ጎረቤቴን ማየት ግን የከለከለኝ የለምና የድጎማ ማመልከቻዎ ከምን ደረሰ ብዬ ጠየቅኋቸው። ደህና ነው አሉኝ። ደግሜ ጠየቅሁ፤ አልሐምዱሊላህ አሉኝ። በሦስተኛው አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወደ ቤት አስገቡኝ።

ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል። ሆስፒታል ውስጥ ጽዳት ነው የሚሠሩት። መጋዘኑ ከተዘጋ ወዲህ ሁለት ሽፍት እየገቡ ጉልበታቸው አብጧል። ሐኪሙ ሁለተኛውን ሽፍት ተዪ ብሏቸዋል፤ የባላቸው ድጎማ ካልመጣ ደግሞ መተው የሚባል ነገር የለም። ድጎማው አልመጣም። በምትኩ የመጣው ደብዳቤ ነው። ልጃቸው ሀያት ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠችኝ፤ «ሙሉ ሥራ ስላገኙ ፋይልዎ ተዘግቷል፤ ቅሬታ ካለዎት እስከ ሐሙስ ያቅርቡ» ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድጎማ ለጠየቀ ሰው በየእሑዱ በስልኩ «በዚህ ሳምንት ሠርተዋል?» የሚል ጥያቄ ይመጣለታል። ያልሠራ «አልሠራሁም» ብሎ ማለፍ ነው። ጋሼ ሙሄ ግን «አዎ፣ አርባ ስድስት ሰዓት» ብለው ሞልተዋል። ቅጹ የሚጠይቀው ስለ ደመወዝ ሥራ መሆኑ ጠፍቷቸው አይደለም።

«ተኝቼ ከረምኩ ለሚል ሰው ማን እጁን ይዘረጋል?» አሉኝ። «ሰው የሚያግዝህ ስትፍጨረጨር ሲያይህ ነው።»

«ባባ፣ አይ ቶልድ ዩ፣ ጀስት ፑት ኖ» አለች ሀያት፤ አልሠራሁም በል ብዬህ ነበር ማለቷ ነው።

«አንቺ ዝም በይ። ሰነፍ ነኝ ብዬ በገዛ እጄ ልፈርም?»

እንግዲህ ፍረዱ። እኛ ዘንድ ልክ ናቸው። እኛ ዘንድ አዋጡልኝ የሚል ሰው ላቡን ጠርጎ ነው የሚመጣው። እዚህ አገር ያለው ማሽን ግን ላብ አያይም፤ አርባ ስድስት ሰዓት ሲያይ ሰውየው ሥራ ያዘ ብሎ ዘጋው።

ይህን ስህተት ሌላ የሠራ ሰው ይኖር እንደሆን ጠየቅኋቸው። «ምን ማለትህ ነው፣ ሁሉንም ያስሞላኋቸው እኔ አይደለሁም እንዴ?» አሉኝ፤ በኩራት። ለካ በየእሑዱ የመጋዘኑ ሰው ሁሉ እዚህ ሳሎን ይሰበሰባል። አንዱ ሃያ ሰዓት ብሎ ሲጽፍ አታፍርም ወይ ብለው አርባ አስገብተውታል። ሰፈሬ የነጣው እንዲህ ነው። ሳቄ መጣ። የእትዬ ዘሀራን ጉልበት ሳይ ግን በራሴ አፈርኩ።

ሀያት ቅሬታውን ሐሙስ ሳይደርስ ላከችው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቅሬታውን የምታየው ዳኛ በስልክ ደወለች፤ አስተርጓሚም መስመር ላይ ነበር። እኔ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ነኝና ከመቀመጥ በቀር አፌን አልከፈትኩም። አርባ ስድስቱን ሰዓት ምን እንደ ሠሩበት ተጠየቁ። ጋሼ ተስፋዬ የሚባሉትን ጎረቤታችንን በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት እንደሚያደርሱ፣ የአንድ ቤተሰብ ዕቃ ወደ ካናል ዊንቸስተር እንዳጓጓዙ፣ የሞተ ሰው አጥበው እንደ ገነዙ ተናገሩ። ስንት ተከፈለዎት ስትል ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ሬሳ ለማጠብ ይከፈላል እንዴ?»

አስተርጓሚው ቃል በቃል ተረጎመው። ዳኛዋ ጥያቄውን ቀይራ፣ በእነዚያ ሳምንታት ሥራ ነበረዎት ወይስ አልነበረዎትም፣ በራስዎ አንደበት ይንገሩኝ አለች። ጋሼ ሙሄ ወንበር ላይ የተሰቀለውን የባለቤታቸውን እግር አዩት።

«አልነበረኝም።»

ያን ቃል ስቆጥረው ዓመታት አልፈዋል። ከሰው አፍ ሲወጣ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ተፈቀደላቸው። ሌሎቹም ተከታትለው ቅሬታ አቀረቡ። ሰፈሬ ደም መሰለ፤ አለቃዬ ደንግጣ ምን መዓት ወረደባችሁ ብትለኝ፣ የወረደው ከርሟል፣ አሁን ገና ነው የተናገሩት አልኳት። እትዬ ዘሀራ ሁለተኛውን ሽፍት ተዉ፤ ደረጃውን ያለ ድጋፍ መውጣት ጀመሩ።

ጋሼ ሙሄ ግን ተቀመጡ። አካፋው ካስደገፉበት አልተነሣም። ሰው በነጻ መርዳት አልተከለከለም፣ ደመወዝ ነው የሚጠየቁት ብዬ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ለዳኛ ቃሌን ሰጥቼ ሳበቃ ላይ ታች ስል ብታይ ምን ትለኛለች አሉኝ። በዚህም በዚያም ብል አልተመለሱም። በረዶዬን ራሴ መጥረግ ጀመርኩ። ጋሼ ተስፋዬን ማድረስም፣ ከሥራ ሰዓቴ እየቆረስኩ፣ ወደ እኔ ዞረ።

በመጀመሪያው ቀን ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ጋሼ ተስፋዬ ወዲያ ወዲህ አዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ሙሄን እኔን በማመላለሱ ዳኛ ፊት አቀረቡት አሉ። አንተም የመንግሥት ሰው ነህ። ማንም ቢጠይቅህ፣ መንገድ ላይ ያገኘሁት ሽማግሌ ነው፣ አላውቀውም በል።»

እሺ አልኳቸው፤ ወርጄም በሩን ከፈትኩላቸው።