የፈረሰው ወፍጮ ድምፅ

ካዛንቺስ ውስጥ መንገድ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? የሰፈሩ ነባር ሰው የሚመራችሁ በሌለ ነገር ነው። እናንተ ሰፊ አዲስ አስፋልት እያያችሁ፣ እሱ «ከቀዩ ቆርቆሮ አጥር ጋ ታጠፉ» ይላችኋል። አጥሩ ከፈረሰ ቆይቷል፤ እሱ ግን አሁንም ያየዋል። ዓይንስ ቢሆን ይህን ያህል ታማኝ መሆን አለበት?

ባለፈው ሳምንት በአራት ሰዓት የሥራ ቃለ መጠይቅ ነበረኝ። ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ቢሮው ጠፋኝና አንድ አዛውንት ጠየቅኩ።

«ቀላል ነው፤ የወፍጮው ድምፅ ሲሰማሽ ወደ ግራ ነው። ነይ ላድርስሽ» አሉኝ።

እምቢ ማለት አፍሬ ተከተልኳቸው። የሚሰማኝ የመኪና ጥሩምባ ብቻ ነበር። አንድ መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ሥር ስንደርስ ቆሙ።

«ይኸውልሽ፣ እዚህ ጋ። ይሰማሻል አይደል?»

ትልቅ ሰው እንዴት «ወፍጮ የለም» ይባላል?

«አዎ አባባ፣ በደንብ ይሰማኛል» አልኩ።

ትኩር ብለው አዩኝ።

«እኔስ አርባ ዓመት ስሰማው ኖሬ ጆሮዬ ላይ ቀርቶ ነው። አምና የፈረሰውን ወፍጮ አንቺ በምንሽ ሰማሽው?»

ሰዓቴን የማይ መሰልኩ።

«ይሁን፤ ከሰማሽማ አንቺ ምሪኝ። ከዚህ ወዲያ እኔም አላውቀውም» አሉ።

እሳቸው እኔን፣ እኔ እሳቸውን እየተከተልን ስንዞር አራት ሰዓት አለፈ።