በካፖርት ሥር የገባው ጫማ

ሰው አሮጌ ዕቃ ሲገዛ ቆማችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ማየት እወዳለሁ። ሬዲዮ ሊገዛ የመጣው ሰው ሬዲዮኑን አያዳምጥም፤ ገልብጦ ጀርባውን ያያል። መኪና የሚገዛው ጎማውን በእርግጫ ይመታል። ለምን እንደሚመታ ብትጠይቁት አያውቅም፤ ሌላ ሰው ሲመታ አይቶ ነው። ኮት የሚገዛው ደግሞ ብብቱን ያሸታል። ይኼ እንኳ ምክንያት አለው።

እኔ አሮጌ ዕቃ መመርመርን የተማርኩት ሮም ላይ፣ በደርግ ዘመን፣ በአንድ ጥንድ ጫማ ነው። ጫማ ስላችሁ ቤተ ክርስቲያን የሚኬድበትን እንዳታስቡ። በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት፣ ከሥሩ ቢላ የመሰለ ብረት የተገጠመለት ቦት ጫማ ነው። ጣሊያኖቹ ፓቲኒ ይሉታል። እኔ ባደግኩበት አገር በረዶ ባቄላ የሚያጠፋ ነገር ነው እንጂ ሰው ወጥቶ የሚጨፍርበት አይደለም። ልጄ ሜሮን ግን የሮም ልጅ ናት። በአሥር ዓመቷ ከክፍል ጓደኛዋ ጋር ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የበረዶ አዳራሽ አንድ ቀን ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ ወሬዋ ሁሉ እሱ ሆነ።

እዚያ የሚያከራዩት ጫማ ስንት እግር የገባበት፣ ወገቡ የተሰበረ ነው። አስተማሪዋ ጠርታኝ ልጅቷ መዝለል ጀምራለች፣ በዚህ ጫማ ከዘለለች ቁርጭምጭሚቷ ይሰበራል አለችኝ። የመጪው እሑድ ፈተና ነበር። የራሷ ጫማ የሌላት ልጅ አትፈተንም፤ ያልተፈተነች ደግሞ እስከ ከርሞ ቤቷ ትቀመጣለች። አዲሱን ጫማ ሱቅ ሄጄ አየሁት፣ ዋጋውን አይቼም ወጣሁ። ሜሮን አላለቀሰችም። በካልሲ ሆና ኮሪደሩ ላይ መሽከርከር ቀጠለች እንጂ። አንጀቴን የበላው እሱ ነው።

አስተማሪዋ አዝናልኝ ነው መሰለኝ፣ አሮጌ ፓቲኒ እንዴት እንደሚመረጥ ቁጭ አድርጋ አስተማረችኝ። የቁርጭምጭሚቱን ቆዳ ከግራና ከቀኝ ጭመቀው፤ እጅ ከሰጠህ ሞቷል አለች። ተረከዙ ሥር በጥፍርህ ተጫነው፤ በብሎኑ ቀዳዳ ውኃ ገብቶ ካበሰበሰው ጥፍርህ ይሰምጣል። ብረቱን አንድ ዓይንህን ጨፍነህ እየው፣ ቀጥ ማለቱን። በተሳለ ቁጥር ስለሚያልቅ ምን ያህል እንደቀረውም እይ። ውስጡን አሽትት። አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቅ፣ ቀለም ስብራት ይሸፍናል። ስለ ቀኝ እግርም አንድ ነገር ብላኝ ነበር፤ ፈጥና ስለተናገረችው በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ። እኔ የገረመኝ ጫማ ይህን ያህል ታሪክ መሸከሙ ነው። ያደረገችው ልጅ ምን ያህል እንደወደቀች እንኳ ይናገራል አሉ።

ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ወሬ አገኘች። የወይዘሮ ጥሩነሽ ልጅ እግሯ አድጎ ፓቲኒዋ ጠቧታል። ባለቤቴ እዚያው፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ለእኛ ይሁን አለቻቸው። እሳቸውም እሺ፣ መጥታችሁ እዩት አሉ።

ደስ አይልም? አይልም። ያን ጊዜ ሮም ውስጥ ሐበሻ ከሐበሻ ጋር ሲገናኝ ከሰላምታው በፊት ይመራመር ነበር። ከየት መጣ? ከማን ጋር ታየ? ማን ላከው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። የወይዘሮ ጥሩነሽ ባል ደግሞ ከመንግሥት ሰዎች ጋር ይታያሉ ይባል ነበር። ማን አያቸው? እንጃ። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ።

ዋናው ጭንቀቴ ግን ፖለቲካው አልነበረም፤ ይሉኝታ ነው። ሐበሻ ቤት ገብታችሁ ሳትበሉ አትወጡም። ከበላችሁ በኋላ ደግሞ ዓይናችሁ ይታሰራል። የሰው እንጀራ በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ የባለቤቷን ጫማ ገልብጦ የሚያሸት ምን ዓይነት ፍጥረት ነው? አልበላም እንዳልል ደግሞ፣ በዚያ ዘመን አልበላም ማለት ቤታችሁን ተጸየፍኩ፣ ከእነ እገሌ ጋር ነኝ ማለት ነው። በነጋታው ሐበሻ በሚሰበሰብበት መንገድ፣ ቪያ ቮልቱርኖ ላይ ይወራል።

አሰብኩ፣ አሰብኩና ዘዴ መጣልኝ። ዓርብ እንሂድ! ጾም ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም እላለሁ። በስምንት ሰዓት ገብቼ፣ እንደ ልቤ ጨምቄና አሽትቼ፣ በስምንት ተኩል እወጣለሁ። እግዚአብሔርን እንዲህ ላለው ጉዳይ መጥራቴ አላሳፈረኝም።

ዓርብ ቀን ሜሮንን ይዤ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አጠገብ ያለው ቤታቸው ወጣሁ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ሞላ ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። ባላቸው የሉም። ጫማዎቹ ቡፌው ላይ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ያብረቀርቃሉ። አዲስ ቀለም! ቶሎ ብዬ እንደምጾም ተናገርኩ። እሳቸው ደስ አላቸው። ጎሽ፣ እኔም ጿሚ ነኝ፣ ሽሮና ምስሩ ደርሷል፣ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን እንጫወታለን አሉ።

ተጫወትን። ስለ ብርዱ፣ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ፔርሜሶ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዱ እድሳት። ፓቲኒው እኔን ያያል፣ እኔም እሱን አያለሁ፤ አንዳችን ስለ አንዳችን አንናገርም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ማዕድ ቀረበ። ሜሮን እንደ ልማዷ ግራ እጇን ስትሰድ በክርኔ ነካ አደረግኋት፣ ወደ ቀኝ ቀየረች። ግራኝ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በክርን ነው ያሳደግኋት። ሽሮው እንዴት ይጣፍጣል! ሁለቴ አስጨመርኩ። በእያንዳንዱ ጉርሻ ዓይኔ እየታሰረ ሲሄድ ይታወቀኛል።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ሳህኖቹን ሰብስበው ወደ ኩሽና ገቡ። ያን ጊዜ ነው ሰይጣን የያዘኝ። በረደኝ ብዬ ካፖርቴን አላወለቅኩም ነበር። ብድግ ብዬ አንዱን ጫማ አንስቼ ካፖርቴ ሥር ወሸቅሁና ወደ መጸዳጃ ቤት ገባሁ። ሜሮን አፏን ከፍታ ቀረች።

በሩን ቆለፍኩ። ጫማውን መብራቱ ሥር ይዤ ጨመቅሁት፤ ቆዳው ድንጋይ ነው፣ እጅ አልሰጥም አለ። ተረከዙ ሥር ጥፍሬን ተጫንኩ፤ ተሰበረ፣ ጥፍሬ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ብረቱን አየሁ፤ ቀጥ ያለ፣ ገና ብዙ የሚሳል። አሸተትኩት፤ ናፍታሊን ናፍታሊን ይላል። እንዴት ደስ እንዳለኝ! እንግዲህ መጸዳጃ ቤት ገብቼ የለ፣ ለወጉ ውኃ ለቀቅሁና ጫማውን ወሽቄ ወጣሁ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ሌላኛው ጫማ ጭናቸው ላይ ነው።

"ግራውን ነው የወሰዱት፤ የታመመው ይኼ ቀኙ ነው" አሉኝ፣ በዚያው ዝግ ባለ ድምፃቸው።

መሬት ብትከፈት በገባሁ። እሳቸው እርጥብ ጨርቅ አንስተው የቀኙን ቁርጭምጭሚት ጠረግ ጠረግ አደረጉት። ከነጩ ቀለም ሥር ቆዳው ተጨማዷል። በሁለት ጣት ሲይዙት እጥፍ አለ። ከዝላይ ሲወረድ የሚያርፉት በቀኝ እግር ነው፣ ልጄ ሁለት ዓመት ያረፈችበት ነው አሉ። አስተማሪዋ ፈጥና የነገረችኝ ይኼው ነበር።

ታዲያ ለምን ቀድመው አልነገሩኝም? ጠየቅኋቸው፣ እኔው! ባለቤትዎ በሰው ፊት ስትጠይቀኝ አይሆናችሁም ብል፣ ነፈገችን ትሉ ነበር፤ ስለ ቤታችን የሚወራውን የማልሰማ መሰለዎት? አሉኝ። ስለዚህ ይምጣና ይይ፣ ሲጠይቀኝ እነግረዋለሁ ብለው ጠበቁኝ። እኔ ብርዱን አነሳሁ፣ ሽሮውን አመሰገንኩ፣ ስለ ጫማው ግን አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ቀለሙንስ ለምን ቀቡት? እንግዳ ሲመጣ የቆሸሸ ጫማ ፊቱ ላስቀምጥ? አሉ።

ሜሮንን አየኋት። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። እሑድ በእሷ ቤት ሄዷል። ከኀፍረቴ ይልቅ እሱ ነው የከበደኝ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ግን ወደ ልጅቷ ዞሩ። ለካ እኔ ጫማቸውን ስመረምር እሳቸው ልጄን ሲመረምሩ ቆይተዋል።

"ስትዘዪ በየትኛው እግርሽ ነው የምታርፊው?" አሏት።

ሜሮን መጀመሪያ እኔን አየች፤ ክርኔን ማለት ነው። ከዚያ እንደ ኃጢአት ቀስ ብላ "በግራ" አለች። "ሁሉም ወደዚያ ሲዞሩ እኔ ወደዚህ ነኝ። ማኤስትራዋ፣ አስተማሪዬ፣ ማንቺና ነሽ፣ ግራኝ ነሽ፣ ተዪው፣ እንደዚያው ዝለዪ ትለኛለች።"

"አሎራ፣ እንግዲያውስ!" አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ። "ይኸው ያንቺው እግር፣ አባትሽ ካፖርት ውስጥ ነው ያለው።"

አወጣሁት። ምን አማራጭ አለኝ? ሜሮን ሁለቱንም አጠለቀች፣ ማሰሪያውን እሳቸው እያጠበቁ አሰሩላት። ተረከዟ አልተነሳም፣ ጣቷ አልተጨነቀም። ቀኙን በነጋታው ቪያ ቮልቱርኖ ያለ ጫማ ሰፊ ከውስጥ ቆዳ ደርቦ ሰፋው፤ ለማታርፍበት እግር ይበቃል ተባለ። እሑድ ሜሮን አንዴ ወደቀች፣ ተነሣች፣ ዘለለች፣ በግራዋ አረፈች። አለፈች። እኔ አጨበጨብኩ፣ ከዚያም ወዲያ ክርኔን ሰበሰብኩ። በየትኛውም እጇ ትብላ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኔ ጠርጥሬ፣ ጾሜ፣ በር ቆልፌ የመረመርኩት ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ በመጠየቅ ብቻ ላገኘው እችል ነበር።

ከወይዘሮ ጥሩነሽ ጋር ከዚያ ወዲህ ወዳጆች ነን። ቤታቸው ስሄድ ገና በሩ ላይ ካፖርቴን ይቀበሉኛል። እንግዳ ማክበር ነው ይላሉ። እኔም አልጠረጥርም።